«ምንም የሌላት» ነበርኩ፤ 18,400 ብር ነበረኝ

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሳምንት ሲቀረኝ ወረቀት ለማጻፍ ቀበሌ ሄድኩ። ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። አንዳንዱ «የችግረኛ ማስረጃ» ይለዋል፤ እኛ ሰፈር፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ «የድሃ ድሃ ወረቀት» እንለዋለን። ጸሐፊው እናቴን ያውቃታል። ገበያ ሙዝና ማንጎ ስትቸረችር በየቀኑ ያያታል።

«ሥራ አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም ጋሼ።»

«በስምሽ ቤት፣ ቦታ?»

«የለም።»

«በይ እንግዲህ» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም መታ። የቆጠብሽው ገንዘብ አለ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ወረቀቱ «ምንም ዓይነት ገቢም ሆነ ሀብት የሌላት» ይላል። በዚያች ቀን ባንክ ውስጥ 18,400 ብር ነበረኝ።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ንስሐ የሚገባበት ሌላ ቦታ አለ። የምለው ነገር ስላለኝ ነው። የትምህርት ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ያለውን ገንዘብ በቁጥር ይጻፍ። ድጋፍ የሚሰጠው አካል ደግሞ ቁጥሩን የጻፈውን ሰው መቅጣት ይተው። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምለው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ማታለል ነው።

መጀመሪያ ስለምን ገንዘብ እንደምናወራ እንግባባ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምግቡና የመኝታው ወጪ፣ የትምህርቱም ከፊሉ፣ ከ1995ቱ ደንብ ጀምሮ በወጪ መጋራት ነው የሚያዘው። ሁላችንም ውል እንፈርማለን፤ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ከደመወዛችን እንከፍላለን። የሀብታም ልጅም የድሃ ልጅም እኩል ይፈርማል። እዚያ ላይ «ስንት ቆጥበሃል?» የሚል ጥያቄ የለም። ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለፎቶ ኮፒ፣ ለሞዴስ፣ ለሳሙና፣ ለመጓጓዣ የሚሆን ትንሽ የኪስ ገንዘብ ለችግረኛ ተማሪዎች ሲሰጥ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ኮታው ደግሞ ከገንዘቡ ያንሳል።

እኔ ከአርባ ምንጭ ራቅ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ዩኒቨርሲቲ ነበር የተመደብኩት። ወረቀቴን አስገባሁ፤ ተመረጥኩ። በወር 400 ብር። ዶርም ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ልጅ ከጋሞ ደጋ የመጣች ነበረች። አባቷ ሸማኔ ነው። እሷም ከቀበሌዋ ያንኑ ወረቀት ይዛ መጥታለች። ግን ማመልከቻው ላይ «በአሁኑ ሰዓት ያለሽ ገንዘብ» የሚል ክፍት ቦታ ነበር፤ እኔ ሰረዝ አድርጌ ያለፍኩት ቦታ። እሷ 1,150 ብር ብላ ጻፈችበት። አጎቷ ለጉዞና ለመጀመሪያው ወር የሰጣት ነው። ኮሚቴው አልመረጣትም። ለምን ብላ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ አንድ መስመር ነው፦ «አንቺ ቁጠባ አለሽ።»

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ18,400ው ውስጥ 7,400ው የእናቴ የእቁብ ገንዘብ ነው፤ ቤት ብታስቀምጠው እንዳይጠፋ እኔ ሒሳብ ላይ ያስገባችው። እሱ ይቀነስ። 11,000 ይቀራል፤ ሁለት ክረምት ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቼ ያጠራቀምኩት፣ የራሴ የምለው። በወር 400 ቢወጣ ከ27 ወር በላይ ያቆየኛል። የእሷ 1,150 ሦስት ወር አይሞላም። ኮታው ላይ የቀረው አንድ ቦታ ቢሆንና ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ፣ ማን ይውሰደው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚመጣውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ለራሴ ለዓመታት ስደጋግመው ኖሬያለሁ።

አንደኛው፦ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ የማንንም ኪስ አልነካሁም።» ድጋፉ ማለቂያ የሌለው ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር ያስኬድ ነበር። ግን ኮታ ነው። ኮታ ማለት ወረፋ ማለት ነው። ወረፋ ላይ የገባ ሰው ከመንግሥት ላይ ምንም አልወሰደም፤ የወሰደው ከኋላው ከቆመው ሰው ነው። መንግሥት ለእኔም ለእሷም 400 ብር ቢሰጥ ወጪው ያው ነው። ልዩነቱን ያየችው እሷ ናት፤ ሀንዳውት ፎቶ ኮፒ ለማድረግ የእኔን እስክጨርስ ስትጠብቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ልብስ ስታጥብ።

ሁለተኛው፦ «ሁሉም ይዋሻል፤ እኔ ብቻ እውነት ብናገር የምጎዳው እኔው ነኝ።» የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሁሉም ሲዋሽ ምን እንደሚሆን አስቡት። ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ማኅተም የተመታበት «ምንም የሌለው» ሺህ ቅጂ ሲመጣ ኮሚቴው ወረቀቱን ማንበብ ይተዋል። ከዚያ በምን ይመርጣል? በዓይኑ። ጫማሽን ያያል፣ ስልክሽን ያያል፣ ፀጉርሽ መሠራት አለመሠራቱን ያያል። ከዘመድ በስጦታ የመጣ ስልክ የያዘች የእውነት ድሃ ትወድቃለች፤ ለቃለ መጠይቅ ብሎ ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣው ያልፋል። ድህነት ትወና ይሆናል። ትወና ላይ ደግሞ የሚያሸንፈው የተለማመደ እንጂ የተራበ አይደለም።

ሦስተኛው ክርክር ከበድ ይላል። «ቁጠባዬ ሀብት አይደለም። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ናት። ያጠፋ ሰው ድጋፍ አግኝቶ የቆጠበ የሚከለከል ከሆነ፣ እውነት መናገር ለቁጠባ ቅጣት መክፈል ነው።» ትክክል። ሙሉ በሙሉ ትክክል። ሁለት ክረምት ሙሉ ሌላው ልጅ ሐይቅ ዳር ሲዝናና እኔ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሙቀት ስጠጣ ከርሜ፣ በመጨረሻ «ስለቆጠብሽ አይገባሽም» መባል ያናድዳል። ግን ይህ ክርክር የሚለው ቅጹ ይስተካከል ነው፤ ቅጹ ላይ ይዋሽ አይልም። ሁለቱን እያምታታን ነው የኖርነው። ሕጉ መጥፎ ነው ብለን፣ የመጥፎውን ሕግ ዋጋ ሌላ ድሃ እንዲከፍልልን እናደርጋለን።

ሌላ አገር ይህን ችግር እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። አሜሪካ ያላችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሁኑ አሌክሳንድሪያ፣ ልጆቻችሁ ኮሌጅ ሲገቡ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ትሞላላችሁ። ቅጹ የተማሪውን ቁጠባ ይጠይቃል። ብዙ ሰው «5,000 ዶላር አለኝ ብል 5,000ውን ይቀንሱብኛል» ብሎ ይፈራል። አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። ከተማሪው ቁጠባ መክፈል ይችላል ብለው የሚቆጥሩት 20 በመቶውን ነው፤ ከ5,000ው 1,000ውን ማለት ነው። ከወላጅ ቁጠባ የሚቆጠረው ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው። ቀመሩ ፍጹም ነው አልልም፤ ከልጁ ላይ ከወላጁ የበለጠ መቁጠሩ ራሱ ያከራክራል። ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ቁጠባን ሙሉ ለሙሉ የሚቀጣ ቅጽ ማንም በእውነት አይሞላውም። ለዚያም ነው በአንድ በኩል ከፊሉን ብቻ የሚቆጥሩት፣ በሌላ በኩል ሆን ብሎ የዋሸ ሰው እስከ 20,000 ዶላር ሊቀጣ ወይም ሊታሰር ይችላል ብለው እዚያው ቅጹ ላይ የሚጽፉት። እኛ ጋ ሁለቱም የለም። እውነት የተናገረ ሰው የሚያገኘው ከለላ የለም፤ የዋሸም ሰው የሚጠይቀው የለም።

ከአገር ወጥተው ለመማር የሚያመለክቱ ጓደኞቼን ሳይ ደግሞ ነገሩ ቀልድ ይሆንብኛል። ብዙ የአሜሪካ የግል ኮሌጆች ድጋፍ ከመስጠታቸው በፊት የተማሪውንም የወላጁንም ቁጠባ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ጓደኛዬ ድሃ ይሆናል። ሒሳቡን ያራግፋል፤ ገንዘቡ አክስቱ ጋ ይሄዳል። በዚያው ዓመት ለእንግሊዝ አገር ትምህርት ካመለከተ ደግሞ ሀብታም መሆን አለበት። የተማሪ ቪዛው ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሒሳብ ውስጥ መቆየቱን ይጠይቃላ! ስለዚህ ክረምት ላይ ከአክስቱም፣ ከአበዳሪም፣ ከጎረቤትም ተሰብስቦ ሒሳቡ ይሞላል። በ29ኛው ቀን ይወጣል። አንድ ሰው፣ አንድ የባንክ ደብተር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የድሃ ድሃም ሚሊየነርም። ትክክለኛው ቁጥር ስንት እንደሆነ እሱ ራሱ የሚያስታውሰው አይመስለኝም።

አስቂኝነቱ እንዳለ ሆኖ አደጋም አለው። ከሁለት አቅጣጫ የተላኩ ሁለት ወረቀቶች አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የተሰጠ ድጋፍ ሊሰረዝ፣ ቪዛም ሊከለከል ይችላል። ደግሞ የአንዳችን ውሸት የሚመዘገበው በአንዳችን ስም ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሚመጣ የባንክ ወረቀት በጥርጣሬ በታየ ቁጥር የሚቸገረው እውነተኛ ወረቀት ይዞ ከኋላችን የሚመጣው ልጅ ነው።

ጋሞ ደጋ ላይ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። የተከለከለውን የጣሰ ሰው ጎሜ ያመጣል፤ መዘዙ በእሱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ለቤቱ፣ ለከብቱ፣ ለመሬቱ ይተርፋል ይባላል። ፈውሱ ደግሞ ያጠፉትን አውጥቶ መናገር ነው። ጎሜን አመኑም አላመኑም፣ አሳቡ ውስጥ ያለው እውቀት ግን ለእኔ ግልጽ ነው፤ የአንድ ሰው ጥፋት የግሉ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሁላችንም በኩራት የምናወራው ነገር አለ። መስከረም 2011 ላይ፣ ቡራዩና አካባቢው በደረሰው ግድያ የተቆጣው ወጣት አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ፎቶውን እኔም አጋርቻለሁ። ግን ሽማግሌዎቹ መሣሪያ አልያዙም፤ ፖሊስም አልነበሩም። የያዙት ሣርና ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ኃይል የነበረው በየዱቡሻው ለትውልድ ሲጠበቅ ስለኖረ ነው። እኛ ደግሞ በ18 ዓመታችን የመጀመሪያውን የአዋቂነት ቃላችንን ማኅተም አስመትተን ስናስገባ፣ ውሸት ነው።

ባለሥልጣን ሲሰርቅ ቲክቶክ ላይ ከእኛ በላይ የሚጮህ የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየጠቀስን የአባቶቻችንን ዘመን እንወቅሳለን። ይህ ተረት የሚሠራው ከሹመት በኋላ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሲመዘገብ ያልበላ ሲመረቅ ይቆጨዋል ብለን የጀመርነው እኛው ነን። ልኩ ያንሳል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው፤ ለሌላ ሰው የተመደበ ነገር፣ የእኔ እንዲሆን የተስተካከለ ወረቀት፣ «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል መጽናኛ።

ነገሩ ከ400 ብር በላይ እየሆነም ነው የሚመጣው። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስከፍሎ ገቢ ያገኛል፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ድጋፍ ይፈልጋል። ያን ጊዜ «ማን መክፈል ይችላል?» የሚለው ጥያቄ የአንድ ልጅን የሳሙና ገንዘብ ሳይሆን መማር አለመማሯን የሚወስን ይሆናል። ለዚያ ጥያቄ ዛሬ በእጃችን ያለው መልስ ያ ማንም የማያነበው የቀበሌ ወረቀት ነው።

ምን ይደረግ? ለሚሰጡት የምለው አጭር ነው። «ምንም የሌለው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከወረቀቱ ላይ አውጡት። ምንም የሌለው ሰው የለም፤ ቢያንስ ለአውቶቡስ የሚሆን ብር ይዞ ነው የመጣው። በእሱ ፋንታ ስንት አለህ ብላችሁ ጠይቁ። እስከዚህ ድረስ ያለ ቁጠባ አይቆጠርም ብላችሁ ቅጹ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ የአንድ ሴሚስተር ወጪ ለምሳሌ። ከዚያ በላይ ካለውም ከፊሉን ብቻ ቁጠሩ። በዕጣ ጥቂቶችን አጣሩ። ከሁሉ በላይ፣ 1,150 ብር ብላ የጻፈችውን ሰረዝ አድርጋ ካለፈችው በታች አታስቀምጡ። ባዶ የተተወ ቦታ ዜሮ አይደለም፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ለምናመለክተው ደግሞ፤ እውነት መጻፍ ማለት የባንክ ቀሪ ሒሳብን ብቻ ገልብጦ ራስን መስቀል አይደለም። እውነት ዝርዝር አላት። ያመለከትክበትን ቀን ጻፍ፤ በዚያ ቀን ባንክ ያለውን፣ ቴሌብር ላይ ያለውን፣ ቤት ያለውን ጥሬ ብር ደምር። በአንተ ስም ተቀምጦ የሌላ ሰው የሆነውን ለይተህ የማን እንደሆነ ግለጽ። እቁብ ካለብሽ ደርሶሽ እንደሆነ ጻፊ፤ ካልደረሰሽ እስካሁን የጣልሽው ገንዘብሽ ነው፤ ደርሶሽ ከሆነ የሚቀርሽ ክፍያ ዕዳ ነው። ዕዳም ይጻፍ። ገንዘቡ ለምን እንደተቀመጠ በአንድ መስመር አስረዳ። ውጭ አገር የምታመለክት ከሆነ በብር ጻፍና የምንዛሪውን ቀን ጥቀስ። ሐምሌ 22፣ 2016 ብሩ በገበያ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት 60,000 ብር ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ከ600 በታች ወረደ። ቀን የሌለው ቁጥር ሳይዋሹ ውሸታም ያስመስላል።

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ፤ ዋናውን ነገር አልነገርኳችሁም። ሁለተኛ ዓመት ስንጀምር ነገርኳት። ባንክ ያለኝን፣ ሰረዝ ያደረግኩበትን ቦታ፣ ሁሉንም። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቀች። «አንቺ ብልህ ነሻ! እኔ ነኝ እንጂ ሞኟ» አለችኝ። በዚያ ዓመት ማመልከቻው ሲመጣ እሷም ሰረዝ አደረገች። ተመረጠች። 400 ብሩን ስትቀበል ደስ ብሏት ነበር፤ እኔም ደስ ያለኝ አስመሰልኩ። ግን ካደረግኩት ሁሉ የሚቆረቁረኝ ይኼ ነው። የወሰድኩባት የአንድ ዓመት ድጋፍ ብቻ አልነበረም። እውነት መጻፍ ሞኝነት ነው የሚለውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ጀመረው፤ እኔ ጨረስኩት።

ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ወረቀት ለማጻፍ ሊሄድ ሲል ያዝኩት።

«ቴሌብር ላይ ስንት አለህ?»

«ምን አገባሽ?»

ተጨቃጨቅን። እናቴ ጣልቃ ገብታ «ልጄን አታስከልክይው» አለች። እሱም በመጨረሻ «እሺ ጽፌ ብከለከልስ?» አለኝ። ትከለከል ይሆናል አልኩት። አልዋሸሁትም፤ ሊከለከል ይችላል። ለመከልከሉም ዋጋ እንደማግዘው፣ ኮሚቴው ጋም አብሬው ሄጄ እንደምከራከርለት ነገርኩት። ከዚያ በላይ የምሰጠው ዋስትና የለኝም።

ማመልከቻው ላይ ክፍት ቦታው አሁንም አለ። እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «በዛሬው ቀን ቴሌብር ላይ 6,300 ብር አለኝ። ከዚህ ውስጥ 2,000ው የእናቴ ነው። የቀረው ለመጓጓዣና ለመማሪያ ነው፤ እስከ ጥር ያደርሰኛል። ከጥር በኋላ የምይዘው የለኝም።»

መልሱ ገና አልመጣም።